አርባኛው ግመል

ባለቤቴ ጽጌ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጅግጅጋ እንሂድ» ስትለኝ ኖረች። እኔም «ለፋሲካ» እያልኩ ኖርኩ። ፋሲካ ሃያ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አንዲት ደንበኛዬ ከጅግጅጋ ደውላ «ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ካልመጡ አይሆንም» ስትለኝ ግን ለፋሲካ አላልኩም። በማግስቱ ሻንጣዬን አሰናዳሁ። ለሚስቴ የነፈግኳትን ለደንበኛ ሰጠሁ፤ አንባቢ ይታዘበኝ።

ሥራዬ ትራንዚተር ነው። የሰው ዕቃ ጉምሩክ እንዲያልፍ ወረቀቱን አዘጋጃለሁ። ከወረቀቶቹ አንዱ የስሪት አገር መግለጫ ይባላል፤ ላኪው «ይህ ዕቃ የዚህ አገር ነው» ብሎ የሚያረጋግጥበት ነው። አገሮች በንግድ ሲስማሙ አንዱ የሌላውን ዕቃ በዝቅተኛ ቀረጥ ያስገባል፤ ዕቃው የእውነት የዚያ አገር ከሆነ ነው ታዲያ። ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ቦሎቄ፣ ስለ ቆዳ ይህን ወረቀት ስሞላ ስንት ዓመቴ ነው፤ አንዱንም ማሳ በዓይኔ አላየሁም። ጽጌ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። «ያላየኸውን እየመሰከርክ እንጀራ ትበላለህ» ትለኛለች።

ደንበኛዬ ሆዳን ትባላለች፤ የጅግጅጋ የግመል ነጋዴ ናት። ለዓመታት ግመሎቿ ድንበር ተሻግረው በሌላ ሰው ስም መርከብ ሲሳፈሩ ኖረዋል። ዘንድሮ በራሷ ስም ላኪ ሆና ተመዘገበች። የምዝገባ ምስክር ወረቀቷን በስልክ አንስታ ስትልክልኝ ቸኩላ ሳይሆን አልቀረም፤ ከስሟ በቀር ምንም አይነበብም ነበር። ግብፅ ያለ ገዢ በአህጉሩ የነፃ ንግድ ስምምነት መሠረት አርባ ወንድ ግመል አዘዛት። ስምምነቱ ስለ ሕያው እንስሳ የሚለው አጭር ነው፦ በአገሩ የተወለደና ያደገ። ገዢው የሚለውም አጭር ነው፦ አርባ ካልሞላ ይቅር። መኪኖቹ እሑድ ጠዋት መነሳት አለባቸው። ካልሆነላት ግመሎቹን እንደ ድሮው ለደላላ ልታስረክብ ነው።

የጎደለው የአርቢው ፊርማ ብቻ ነበር። አርቢው የሀርሺኑ አዴር ፋራህ ናቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እዚያ ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ይጠራል።

«አልፈርምም አሉ?» አልኳት በስልክ።

«አልፈርምም አላሉም ጋሼ። ‹ስለ የትኛው ግመል ነው የምትጠይቁኝ?› አሉ። ስለ ሁሉም ስላቸው ‹ሁሉም የሚባል ግመል የለም› አሉኝ። ወላሂ እኔ መመለስ አልቻልኩም።»

ሰኞ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በአውሮፕላን መሄድ እችል ነበር፤ ግን ጽጌ ሁልጊዜ የምታወራው ስለ መንገዱ ነው። አዋሽ ላይ ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ፤ የጭሮ ተራሮች ላይ ብርዱ መልሶ አስለበሰኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነውና ብርድ አያስደነግጠኝም፤ ግን በአንድ ቀን ሁለቱንም ማየት ለሽማግሌ ጉልበት አይመችም። ሐረር ስደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ሻንጣዬን ብከፍት የማኅተም ቀለሙ ተገልብጦ ሦስቱንም ሸሚዞቼን ወይን ጠጅ አድርጓቸዋል። ባለቤቲቱ አዝናልኝ በሎሚ አሽታ አጠበችልኝ። ደግነቷን እግዜር ይክፈላት፤ ሸሚዞቹ ግን ከመታጠባቸው በፊት ይሻሉ ነበር።

ማክሰኞ በሚኒባስ ወደ ጅግጅጋ ቀጠልኩ። ባቢሌ ላይ ቆመን ሁሉም ሰው ኦቾሎኒ ገዛ፤ እኔም ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበት ሸለቆ አለ፤ የሚወድቅ ይመስላል፣ አይወድቅም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ልጇን አስተኝታ እግሩን ጭኔ ላይ ዘረጋችው፤ ፈቃድ አልጠየቀችኝም፣ እኔም ደስ አለኝ። የካራማራን ተራራ አልፈን ሜዳው ሲከፈት፣ ጽጌ የምትለው ነገር ትዝ አለኝ። «ካራማራን ስታልፍ ሰማዩ ይሰፋል» ትል ነበር። ሰማይ የትም አንድ ነው ብዬ ተከራክሬያት ነበር። ይሰፋል። ከእኛ አገር ሰማይ ቢያንስ በእጥፍ ይሰፋል፤ አፌን በእጄ ይዤ ቀረሁ።

ሆዳን መነኸሪያ መጥታ ተቀበለችኝ። አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ረጅም፣ ስትናገርም ስትራመድም ፈጣን ሴት ናት። ሸሚዜን አይታ ምንም ሳትል በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ወሰደችኝ። እናቷ ወይዘሮ ሳህራ አንድ ጊዜ አዩኝና ከጓዳ የሟች ባላቸውን ሸሚዝና አንድ ሽርጥ አወጡልኝ። ሽርጥ ታጥቄ አላውቅም። ስቀመጥ አንድ ጊዜ፣ ስነሳ ሁለት ጊዜ ሊወልቅ ሲል በእጄ ያዝኩት። «ሰፋ አድርገህ ጠቅልል። ቀስ እያልክ ትለምዳለህ» አሉኝ፣ ሳቃቸውን በሻሻቸው እየሸፈኑ።

ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበ፤ ከሩዙ ጎን አንድ ሙዝ። ጽጌ ሩዝ ያለ ሙዝ አይወርድላትም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሙዙን እደብቅባት ነበር፤ አፍራባት። አንድ ቀን ወንድሜ ፊት «ሚስቴ ፍራፍሬና ወጥ አትለይም» ብዬ ስቄባታለሁ። አብራን ሳቀች፤ ያን ቀን ግን ሩዟን አልጨረሰችም።

«ሙዙን ለምን አትነካም?» አሉኝ ወይዘሮ ሳህራ።

ቆርሼ ከሩዙ ጋር ጎረስኩ። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ይህን ልነግረው የምፈልገው አንድ ሰው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የሆዳንን ወረቀቶች አንድ በአንድ አየሁ፤ ከአርቢው ቃል በቀር ሁሉም ተሟልቷል። ከሰዓት በኋላ ለራሴ ጉዳይ ወጣሁ። የጽጌ አባት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ጅግጅጋ ኖረዋል፤ ጽጌ እዚያ ተወልዳ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ወጡ። ስለ ቤቱ የማስታውሰው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፣ ከደጁ ካራማራ ይታያል፣ ሰማያዊ በር አለ። ከሃያ ሁለት ዓመት ወሬ የቀረኝ ይኸው ነው። የጉምሩክ ቅጽ ቁጥር እንኳ ከዚህ ይበልጥ በቃሌ እይዛለሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ አዳረስኩ። የጅግጅጋ ነፋስ ሽርጤን ወዲያ ወዲህ ያማታዋል፤ በአንድ እጄ ሽርጤን፣ በአንድ እጄ ቆቤን ይዤ ነው የምሄደው። ሰማያዊ በር ሰባት አገኘሁ። በሁሉም አንኳኳሁ። ሰው ሁሉ ትሑት ነው፤ አንዱ ሥራውን ትቶ ሁለት መንገድ ድረስ አብሮኝ ሄደ። አንድ የልብስ ሰፊ ግን እውነቱን ነገረኝ። «እዚህ የነበሩት የድሮ ሰዎች ወጥተዋል ጋሼ። ግማሹ ወደ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ወደማይመለስበት።»

ደክሞኝ አንድ ግንብ ጥግ ቆሜ ሳለ አንዲት አሮጊት አረንጓዴ በራቸውን ከፍተው በእጃቸው ጠሩኝ። በግቢያቸው ትልቅ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ አለ፤ ግንዱ ከሥሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ በመሃሉ ዛፉ ሊውጠው የደረሰ አሮጌ ሳንቃ አለ። እዚያ ላይ አስቀመጡኝ። ውሃ ሰጡኝ፤ ቀጥሎ በግመል ወተት የፈላ ሻይ። የምፈልገውን ነገርኳቸው።

«በር ምን ያደርጋል?» አሉኝ፣ አማርኛቸውን እየፈለጉ። «በር ለዒድ ይቀባል። ዛሬ ሰማያዊ፣ ነገ ቀይ። ሰው ጠይቅ።»

«የምጠይቀው ሰው የለም እማማ።»

«እኛም አዲስ ነን» አሉ። «አሥር ዓመት ነው። ከእኛ በፊት ሌላ ሰው፣ ከዚያ በፊት ሌላ።» ሻዩን ደገሙልኝ። ነፋሱ እዚያ ግቢ አይደርስም ነበር፤ ተደላድዬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አመስግኜ ወጣሁ፤ ስምንተኛ ሰማያዊ በር ሳላገኝ መሸ።

ሐሙስ ከሆዳን ጋር በአይሱዙ ወደ ሀርሺን ሄድን። ሐርተሼክ ላይ ሻይ ጠጣን። ድሮ ስደተኞች የሰፈሩበትን ሰፊ ሜዳ ሆዳን በአገጯ አሳየችኝ፤ ዛሬ የቀረው ሣርና ነፋስ ነው። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወንዝም ምንጭም የለውም። ሰው በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ቆፍሮ የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል፤ ቢርካ ይሉታል። እኛ ደጋ ላይ ዝናብ ሲበዛ እንማረራለን፤ እዚህ የዘነበበትን ቀን እንደ ልጅ ልደት ያስታውሱታል።

አዴር ፋራህ ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። «አዴር» ብዬ እጄን ስዘረጋ እሳቸውም «አዴር» አሉኝ፤ ለካ በእነሱ ዘንድ አጎት የወንድሙን ልጅም እንዲሁ ይጠራል። የግመል ወተት በእንጨት ዕቃ አቀረቡልኝ። ሆዳን «ቀስ ይበሉ፣ ለእንግዳ ሆድ ይቸኩላል» ብላ አስጠነቀቀችኝ። አልሰማሁም። ከሰዓት በኋላ ምን እንደደረሰብኝ አልጽፍም፤ አዴር ፋራህ ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በርቀት ያለ ቁጥቋጦ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሥራ ጀመርን። እኔ ድንጋይ ላይ ወረቀቴን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሆዳን ታስተረጉማለች። አዴር ፋራህ በግመሎቹ መሃል እየሄዱ እያንዳንዱን ነኩ።

«ይሄ እናቱ ነጭ ናት፤ ትልቁ ቢርካ አጠገብ ወለደችው። ይሄ ዝናቡ የዘገየ ዓመት፣ ከሐርተሼክ በላይ። ይሄ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ሰሞን፣ እዚሁ፣ ያ ግራር ሥር። ይሄ...» ቆሙ። «ይሄ ከድንበሩ ወዲያ። ድርቅ ነበር፤ ዝናቡን ተከትለን ሄድን።»

እስክሪብቶዬ ተንጠለጠለ። ሆዳን በሶማሊኛ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ሽማግሌው በእርጋታ መለሱ። «ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ግመሎቹ የእርስዎ አይደሉም ወይ? ሲያድጉም እዚህ አይደለም ወይ?› አልኳቸው። ‹አዎ፤ ወረቀቱ ግን የት ተወለዱ ይላል፤ እኔ ለተጠየቅኩት እመልሳለሁ› አሉኝ።»

ይህን ስህተት የሚሠራ ሌላ ሰው አላውቅም። እኛ ዘንድ ቅጽ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ መልስ አይፈልግም፤ ፊርማ ነው የሚፈልገው። አዴር ፋራህ ግን እንደ ተጠየቁ ቆጠሩት። አርባውን ጨረሱ፤ ከአርባው አሥራ አንዱ ከድንበር ወዲያ የተወለዱ ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ቀረን። ሆዳን መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። በኋላ «እናቴን ምን እላታለሁ?» አለች፤ ለእኔም ለማንም አልነበረም። አዴር ፋራህ ግን ስልክ አውጥተው፣ ግመሎቹ ከሀርሺን ወጥተው ለማያውቁት ለወንድማቸው ልጅ ደወሉ።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት የወንድማቸው ልጅ ጎረምሶቹን ግመሎች እየነዳ ደረሰ። ለገበያ የሚሆኑት አሥር ብቻ ነበሩ። አዴር ፋራህ እሱንም እንደ ዳኛ መረመሩት፤ እናቲቱ ማን ናት፣ የት፣ በየትኛው ዝናብ። ሁሉም ጠራ። ሠላሳ ዘጠኝ።

አንድ ጎደለ። መኪኖቹ ሐርተሼክ ደርሰዋል። ሆዳን ዙሪያውን ታያለች፤ የሚታየው ሜዳ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አዴር ፋራህ ተነስተው ከቤቱ ጀርባ ሄዱና አንድ ትልቅ፣ ጥቁር ቡናማ ግመል ስበው መጡ።

ሆዳን ስታየው ተነሳች። «አዴር፣ ይሄ አውሩ ነው።» ወደ እኔ ዞራ ነገረችኝ። አውር ጭነት የሚሸከም ግመል ነው፤ ሰፈር ሲቀየር ሚስት ቤቷን አፍርሳ፣ ምንጣፉንና እንጨቱን እሱ ላይ ጭና ትሄዳለች። የአዴር ፋራህ ሚስት ዴቃ አምና ሞተዋል። «ቤት የምትሠራው ሴት ናት» አሉ ሽማግሌው። «የሚጫን ቤት የለኝም። ውሰጂው።»

እስክሪብቶዬን አንስቼ እንደ ሠላሳ ዘጠኙ ሁሉ ጠየቅኩ። «የት ተወለደ?»

አዴር ፋራህ እጃቸውን የግመሉ አንገት ላይ አደረጉ። ከዚያ በዝግታ ተናገሩ፤ ሆዳንም ቃል በቃል እያቆመች ነገረችኝ።

«ይሄ የዴቃ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ወንድሞቿን ልትጠይቅ ሄዳ ግልገሉን ይዛ መጣች። የት እንደተወለደ ነግራኛለች። ብዙ ጊዜ ነግራኛለች፤ እያለበች፣ ምንጣፍ እየሠራች። የሴት ወሬ ነው ብዬ አልሰማኋትም። ሁልጊዜ አጠገቤ አለች፣ እጠይቃታለሁ ብዬ ነበር።»

ሆዳን ዓይኗን ጠረገች። እኔ ወረቀቱን አየሁ፤ ፊደሎቹ ይዋኙ ነበር።

«አዴር» አሉኝ ሽማግሌው፣ «እስክሪብቶው ያንተ ነው። እዚህ ነው ብለህ ብትጽፍ አልከለክልህም። እኔ ግን አላውቅም።»

ሀርሺን ብዬ መጻፍ እችል ነበር። እስካሁን እንዲያ ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ አራት ፊደል ነው። ሆዳን ታየኛለች፤ አንድ ዓመት የደከመችበት ስም እጄ ላይ ነው። ጽጌ አጠገቤ ብትሆን ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ያንን እንኳ አውቃለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።

ለሆዳን የማውቀውን ነገርኳት። የተቀባዩ አገር ጉምሩክ መግለጫውን ሊያጣራ ይችላል፤ አንዲት ውሸት ከተገኘች አርባውም ወደብ ላይ ይቆማሉ፣ ስሟም እንደ ላኪ እዚያው ይቀራል። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ብቻዋን ወጣች። ከሩቅ ስትናገር፣ ስታደምጥ፣ እንደገና ስትናገር አያታለሁ። ስትመለስ አልቸኮለችም።

«ምን አለ?»

«‹አርባ ካልሞላ ይቅር ብዬሻለሁ› አለኝ። ‹ሠላሳ ዘጠኝ የተወለዱበትን የማውቃቸው አሉኝ፤ አርባ ከፈለግክ አንዱን ልዋሽልህ። ለጉምሩክህ የትኛውን ወረቀት ማቅረብ ትፈልጋለህ?› አልኩት።» ትንፋሿን ሳበች። «ተቆጥቷል። ግን ‹ሠላሳ ዘጠኙን ላኪ› አለኝ።»

አዴር ፋራህ አውሩን ወደ ቤቱ ጀርባ መለሱት። ሲመለሱ ለሆዳን አንድ ነገር አሏት፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ሚስታቸው ወንድሞች እሄዳለሁ፣ እነሱ ያውቁ ይሆናል ማለታቸው ነው። «ለሚቀጥለው ጭነት ነው?» አለቻቸው። «ለወረቀት አይደለም» አሉ።

እሑድ ጠዋት ግመሎቹ ተጭነው በድሬዳዋ በኩል ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ደወሌ ተነሱ። አዴር ፋራህ የአርቢውን ቃል ፈረሙ፤ መግለጫው ላይ ሆዳን በራሷ ስም ፈረመች፤ ፊርማዋ ከተሰመረለት መስመር ወጥቶ ነበር፤ አላረምኩትም። ጅግጅጋ ስመለስ ወይዘሮ ሳህራ ሽርጡን አልቀበልም ብለው ሙቅማድ በትንሽ ዕቃ ጨመሩልኝ፤ በቅቤ የተጠበቀ ደረቅ ሥጋ ነው፤ ለቤተሰብህ አሉኝ። ካራማራን መልሼ ሳልፍ ሰማዩ ጠበበ።

ቤቴ የገባሁት ማክሰኞ ነው። ልጄ ማኅሌት ሙቅማዱን እየቀመሰች ሁሉንም አስወራችኝ። ሽርጡን አይታ ሳቀች፤ ስለ አውሩ ስነግራት አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችው። የአዴር ፋራህ ነገር በልቤ ስለቀረ፣ ሌላ የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩ። «እናትሽ ስለ ጅግጅጋው ቤት የነገረችሽ ነገር አለ? ሰማያዊ በር እየፈለግኩ ከተማውን ዞርኩት።»

«ሰማያዊው የጎረቤት ነው አባዬ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እማዬ የምታወራው ስለ ቁንዶ በርበሬው ነበር እኮ። ግንዱ ለሁለት የተከፈለው። አያቴ በመሃሉ ሳንቃ መትተውላት እዚያ ላይ ተቀምጣ ታጠና ነበር። ዛፉ ሲያድግ ሳንቃውን ይውጠዋል እያለች ትፈራ ነበር።»

አልዋጠውም። ተቀምጬበታለሁ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼበት፣ አመስግኜ ተነስቼ፣ ቤቷን ፍለጋ ወጣሁ።